እርሳስ የጠጣው ዱላ

ወጌሻ ነኝ። ወንጂ ውስጥ ትከሻው ወልቆ፣ ቁርጭምጭሚቱ ዞሮ እኔ ዘንድ ያልመጣ ሸንኮራ ቆራጭ ካለ ገና ሥራ አልጀመረም ማለት ነው። ሮማነወርቅ ብላችሁ ብትጠይቁ ሕፃን ልጅ ያሳያችኋል። አፏ ክፉ ነው ይላሉ፤ ደግ አደረጉ። አጥንት ስመልስ የማልሰድበው ሰው የለም። ሰውዬው በእኔ ተናዶ እያለ አጥንቱ ቦታው ይገባለታል፤ ከዚያ በኋላ ቢረግመኝም ቅር አይለኝም።

ሁለት ወንዶች ልጆች አሉኝ፤ ትልቁ ይትባረክ፣ ትንሹ ለሚ። አንዱን አንቺ ሰይሚ፣ አንዱን እኔ ያለው አባታቸው ፈዬራ ነው፣ ነፍሱን ይማረውና። ሁለቱም በገና ጨዋታ ያበዱ ናቸው። እኔ ገና እለዋለሁ፣ የአባታቸው ዘመዶች ቅሌ ይሉታል፤ ያው ጫፉ የቆለመመ ዱላ ይዞ ሩር የምትባል አንዲት የእንጨት ኳስ ተከትሎ መላላጥ ነው። ድሮ በገና ሰሞን ብቻ ነበር፣ አሁን ሻምፒዮና ተብሎ ዋንጫ ተሠራለት። ዋንጫ ከመጣ ወዲህ እኔ ሥራ አላጣሁም።

አምና በክልሉ የወጣቶች ሻምፒዮና ላይ ከሞጆ ጋር ገጠምን። ታጠቅ የሚባል የሞጆ ልጅ፣ አባቱ ቆዳ ፋብሪካ የሚሠራ፣ ደረቱ እንደ በር የሰፋ ጎረምሳ፣ ዱላውን ሲያወናጭፍ የይትባረክን ግራ ዓይን አፈሰሰው። ደሙን በነጠላዬ ይዤ ሆስፒታል ያደረስኩት እኔ ነኝ፤ ነጠላውን እስከዛሬ አላጠብኩትም። ከሳምንት በኋላ ታጠቅ ሽማግሌ ይዞ በሬ ላይ ቆመና አንገቱን ደፍቶ "ሩሯን ነው የመታሁት፣ እትዬ" አለ። በሩን ፊቱ ላይ ዘጋሁት። ሽማግሌዎቹም አልፈረዱብኝም፤ ግን በገና ሜዳ ለፈሰሰ ደም ክስ የለም፣ ካሳ የለም፣ ቂም የለም። ሕጉ ከአያት ከቅድመ አያት የመጣ ነው። ይሁን ብዬ ዋጥኩት፤ ልጄ ግን አልዋጠውም።

ይትባረክ ዓይኑን ካጣ በኋላ መጫወቱ ቀረና ጋራዥ ገባ፣ ባትሪ ይጠግናል። ቀልደኛ የነበረው ልጅ አፉን ዘጋ። ዘንድሮ ለፍጻሜው እንደገና ከሞጆ ጋር ሲደርሰን ለለሚ አዲስ ዱላ ልሥራለት ብሎ ወይራ አመጣ። ጠርቦ፣ በእሳት ለብልቦ ቆልምሞ፣ ቅቤ አጠጥቶ ሲያበቃ ለዓይን የሚያምር ነገር ሆነ። እኔም ደስ አለኝ፤ ልጄ ወደ ሰው ተመለሰ አልኩ። በኋላ የሰማሁትን አሁኑኑ ልንገራችሁ፣ ምን እንደምንጠብቅ አብረን እንወቀው። የዱላውን ቆልማማ ጫፍ በመሰርሰሪያ ፈልፍሎ፣ ከአሮጌ ባትሪ ያወጣውን እርሳስ አቅልጦ አፍስሶበት ነበር። አፉን በወይራ ሽብልቅ ደፍኖ በሰም አሸው። እንዲወርድ የታሰበው ታጠቅ ላይ ነበር። ለሚ ያውቃል። በገና ሕግ የሚጠይቀው እንደሌለም ያውቃል።

እኔ የማላውቅ ሞኝ ደግሞ ወደ አዳማ የምንሄድ ዕለት ጠዋት ለሚን በር ላይ አቆምኩት። ከሁለት ልጅ ሦስት ዓይን ነው የቀረኝ፣ አልኩት። ሦስቱንም ይዘህ ግባ። ያንን ልጅ ደግሞ እንዳትነካብኝ፤ የሰው ደም በእጅህ ይዘህ ቤቴ እንዳትገባ። አቀርቅሮ እሺ አለኝ። ዱላውን በእጄ እንኳ አላስነካኝም።

አዳማ የዚያን ቀን ንፋሷን ለቃዋለች። አቧራው ሜዳውን አልፎ ሰው ጥርስ ውስጥ ይገባል። ሞጆዎች በሦስት አይሱዙ ተጭነው ጥሩምባ እየነፉ መጡ፣ የኛዎቹ በሸንኮራ ተጎታች። ከአንድ ቀን በፊት ለሦስተኛ ደረጃ ሲጫወቱ ሻሸመኔና መተሐራ በዱላ ተፋጅተው ስምንት ሰው ሆስፒታል ስለገባ ፖሊሱ በዝቷል። ሄልሜት ይታደላል ተብሎ ነበር፤ ወሬው ደረሰ እንጂ ሄልሜቱ አልደረሰም። አሰልጣኛችን ደሊል ልጆቹን ሰብስቦ ማን ማንን እንደሚይዝ ሲያከፋፍል ለሚ ቀድሞት ታጠቅን እኔ ልያዘው አለ። ደሊል ምን ገዶት፣ ወኔ መስሎት ትከሻውን መታ አደረገው።

ሁለቱ ቡድኖች ፊት ለፊት ተሰለፉ። ፊሽካ ይነፋል ስንል የክብር እንግዳ ተደርገው የተጠሩት ጋሽ ዘገዬ ከወንበራቸው ተነሡ። ከመንዝ የመጡ፣ በወጣትነታቸው በገና ጨዋታ ስማቸው የተጠራ ሽማግሌ ናቸው፤ ከፊት ጥርሳቸው አራቱ የሉም። ማይክሮፎኑን ተቀበሉና በአገሬ ይሄ ጨዋታ ለፍጻሜ ሲደርስ ሰው በገዛ ዱላው አይጫወትም አሉ። እያንዳንዱ ዱላውን ፊቱ ለቆመው ባላጋራ ይሰጣል፣ የባላጋራውን ይቀበላል። ከዚያ ያሉትን እስከ ሞት አልረሳውም።

"የሚመታችሁን ዱላ እናንተው ጥረቡት። ያን ጊዜ ክፉ ዱላ የሚጠርብ አይኖርም።"

ሰው አጨበጨበ። ትናንት ደም ያየ ሁሉ ይሄ ጥሩ ነው አለ፤ ዳኞቹ ተነጋግረው ተስማሙ፤ እኔም አጨበጨብኩ፣ እጄ ይቆረጥ። ለሚ ፊት የቆመው ታጠቅ ነበር። ራሱ መርጦት የለ።

ለሚ ዱላውን አልሰጥም አለ። በሁለት እጁ አንቆ ይዞት ወደ ኋላ አንድ እርምጃ ሄደ። ዳኛው ጠጋ ብሎ ምን ሆንክ አለው፣ ደሊል ከዳር ጮኸበት፣ ሞጆዎች ፈራ እያሉ ሳቁበት። ልጄ አንድ ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር። ግን ተናግሮ ምን ይሁን? ቡድኑ ይሰረዛል፣ ወንድሙ ይታሰራል፣ እሱ በአሥራ ሰባት ሺህ ሕዝብ ፊት ነፍሰ ገዳይ ይባላል። ጎረምሳ ደግሞ ከመሞት ይልቅ ማፈር ይከብደዋል። ሰጠው።

ታጠቅ ተቀብሎ በእጁ መዘነው። ከበድ ይላል ብሎ ሳቀ፤ የወንጂ ሰው ሸንኮራ ስለለመደ ነው አለ። እኔ አጠገብ ውኃ ለማቀበል የቆመው ይትባረክ ጀሪካኑ ከእጁ ወደቀበት። ምን ሆንክ አልኩት። ምንም አለኝ። ውኃው እግሬ ሥር ሲፈስ አላነሳውም።

ፊሽካው ተነፋ፤ ጨዋታ የሚባል ነገር አላየሁም፣ ድብደባ ነው። ገና አቧራው ሳይነሳ አንድ የሞጆ ልጅ ሁለት ጥርሱን መዳፉ ላይ ሲተፋ ዐየሁት፤ ኪሱ ከተታቸውና ሩጫውን ቀጠለ። የኛ ግብ ጠባቂ ቅንድቡ ተተርትሮ ዓይኑ ላይ ተንጠለጠለ። በጨርቅ አስሬ ሰደብኩትና መለስኩት። ሩሯ የት እንዳለች የምናውቀው ሰው ሲወድቅ ነው። ሰዉ ከዳር ሆኖ በለው ይላል፤ እናቶች ሳይቀሩ በለው ይላሉ። የሰው ልጅ ምን ዓይነት ፍጡር ነው?

ለሚ ግን ከታጠቅ ይሸሻል። እኔ ልያዘው ያለው ልጅ ታጠቅ ሲመጣበት መንገድ ይለቅለታል። በዚያ መንገድ ታጠቅ አንድ አገባ፣ ቆይቶ ሌላ ደገመ። ደሊል በንዴት ኮፍያውን መሬት ላይ ፈጠፈጠው፣ የኛው ደጋፊ ልጄን ሴት ብሎ ሰደበው። እኔ ለራሴ ቃሌን ሰምቶ ነው አልኩ። ልቤ ውስጥ ደስ አለኝ እንኳ። ወንድሙ ግን ከጎኔ ጣቱን እየነከሰ ነበር፣ ደም እስኪወጣው።

የኛዎቹም አልተኙም፤ በወዬሳ በኩል፣ አምበላችን ነው፣ ሁለት አግብተው እኩል ሆኑ። ከዚያ ነው ተከላካያችን፣ ያ ከመተሐራ የመጣው ረጅሙ፣ ከታጠቅ ጋር ለሩሯ ሲሻማ እጁን የተመታው። ጩኸቱ ሌላ ነበር። ዳኛው ጠራኝና ገባሁ። እጁን ይዤ በጣቶቼ ዳሰስኩት። እንጨት የመታው እጅ አውቃለሁ፤ ይሰነጠቃል፣ ያብጣል፣ አበቃ። ይሄ ከቆዳው ሥር እንደ ቆሎ ይንኮሻኮሻል። እንጨት እንዲህ አያደርግም፤ መዶሻ ነው እንዲህ የሚያደርገው። ልጁን ወደ አምቡላንስ ላኩትና ቀና ብዬ የታጠቅን ዱላ ዐየሁ። ከዚያ ወደ ዳር ይትባረክን ዐየሁ። አንዲቱ ዓይኑ አላየችኝም፤ መሬት መሬት ታያለች።

ሄጄ አንገትጌውን ያዝኩት። ምን አድርገህበታል አልኩት። ነገረኝ። እርሳሱን፣ መሰርሰሪያውን፣ ሰሙን፣ ሁሉን በአንድ ትንፋሽ ነገረኝ። ወንድምህ ያውቃል ወይ አልኩት፣ ያውቃል አለኝ። በጥፊ አጮልኩት፤ ጆሮውን ይሁን ጉንጩን አላየሁም። ከዚያ ወደ ሜዳው ሮጥኩ።

ጨዋታው ተጀምሯል። ወጌሻ ሳይጠራ አይገባም፣ ደንቡ ነው፤ ደንቡ ገደል ይግባ ብዬ ገባሁ። ዱላው ውስጥ እርሳስ አለ፣ አስቁሙ፣ ብዬ ጮኽኩ። ማን ይሰማኛል? አይሱዙዎቹ ጥሩምባቸውን አንባርቀዋል፣ ከበሮው ይደለቃል፣ ሰዉ አበደች እያለ ይስቃል። ዳኛው በእጁ አመላከተ፤ ሁለት ሥርዓት አስከባሪዎች ብብቴን ይዘው እየጎተቱ ሲያስወጡኝ አንዱን ነክሼዋለሁ። ለሚ ያኔ ዐየኝ። እንዳወቅሁ አወቀ። ፊቱ ላይ የመጣውን ነገር ልናገረው አልችልም፤ በልጅነቱ ቦይ ውስጥ ወድቆ ስደርስለት እንደዚያ ዐይቶኝ ነበር።

ሩሯ መሐል ሜዳ ወረደች። ወዬሳ ቀድሞ ደረሰና አዳልጦት በጉልበቱ ተደፋ፣ ሩሯም አገጩ ሥር ቀረች። ታጠቅ ከወዲያ በሙሉ ሩጫው መጥቶ ዱላውን ከትከሻው በላይ አነሣ። ዓይኑ ሩሯ ላይ ነው፤ ይሄን ቀርቤ ዐይቻለሁ፣ ከሩሯ ሌላ የሚያየው አልነበረም። ነገር ግን ሩሯና የወዬሳ ራስ አንድ ላይ ናቸው። ለሚ በእጁ የያዘውን ዱላ ጣለው። ዘሎ ወዬሳ ላይ ተደፋና ክንዱን ዘረጋ።

ድምፁን ሰማሁት። ያን ሁሉ ጥሩምባና ከበሮ አልፎ ሰማሁት። ክንዱ ከክርኑ በታች ታጥፎ ወደማይታጠፍበት ሄደ፣ አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ ነጭ ሆኖ ወጣ፣ ደሙ የወዬሳን ጀርባ አለበሰው። ያዦቼ እጃቸው ላላና ለቀቁኝ።

ሃያ ምናምን ዓመት የሰው አጥንት ስመልስ የኖርኩ ሴት የልጄን ክንድ ይዤ ምንም አላደረግኩም። የወጣ አጥንት ወጌሻ አይነካውም፤ ከነካው ይመርዘዋል። ነጠላዬን ከላዩ አሰርኩና ከታች ጨበጥኩት። መሳደብ ሞከርኩ፣ ስድብም አልመጣልኝም። ለሚ ወዬሳ ተነካ ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልተነካም አልኩት። እፎይ አለ።

ሞጆዎች ወደቀልን ብለው ሲጨፍሩ፣ የኛዎቹ ደግሞ ዘንድሮም ደገመን ብለው ታጠቅ ላይ ዱላ አንሥተው ሲሮጡበት ይትባረክ ሜዳው መሐል ገባ። ከታጠቅ እጅ ዱላውን ቀማው። ድንጋይ ፈልጎ ደጋግሞ መታው፤ በስተመጨረሻ ጫፉ ተፈርክሶ ያ ግራጫ ነገር ዱብ አለ። አንሥቶ ለሕዝቡ አሳየ። "እኔ ነኝ። የሠራሁት እኔ ነኝ" አለ። ጥሩምባው ቆመ። ከዚያ ከሁለቱም ወገን ወረዱበት። ሞጆም ወንጂም አንድ ሆኖ ልጄን ረገጠው። ፖሊሶቹ በቆመጥ መንገድ ከፍተው እየጎተቱ ሲያወጡት የቀረችው ዓይኑ አብጣ ተዘግታ ነበር። እማዬ ብሎ ጠራኝ። የአንዱን ልጄን ክንድ ይዤ ነበርና አልሄድኩለትም። ጋሽ ዘገዬ ወንበራቸው ላይ ፊታቸውን በእጃቸው ሸፍነው ተቀምጠው ዐየኋቸው፤ ለሳቸውም አዘንኩ።

አምቡላንሱ መተሐሬውን ይዞ ሄዷል። ደሊል ባጃጅ አስገባልን። ክንዱ ሳይነቃነቅ ቀጥ አድርጎ የሚይዝ ጉልበተኛ ሰው ያስፈልገኛል፤ ዞር ብዬ ሳይ የኛዎቹ ልጆች ወይ ደንግጠው ፈዘዋል ወይ ልጄን ሊደበድቡ ሄደዋል። አጠገቤ የነበረው ታጠቅ ነው። ከንፈሩ ተሰንጥቋል፣ ባዶ እጁን ዐሥሬ ያየዋል። ግባ አልኩት፤ ገባ።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ መጨረሻ ላይ ለመንገር አቅሙ የለኝም። የለሚን ክንድ ሐኪሞቹ አላተረፉትም፤ ከክርኑ በታች ቆረጡት። የይትባረክም ጉዳይ በፍርድ ቤት ነው፣ ሐሙስ ሐሙስ እስር ቤት ምግብ አደርስለታለሁ። ከሁለት ልጅ ሦስት ዓይንና ሦስት እጅ ቀረኝ። ወዬሳ በየሳምንቱ እሑድ ይመጣል፣ የለሚን ጫማ ያስርለታል።

ባጃጁ ውስጥ ግን ያን ጊዜ ይሄን አላውቅም። ለሚ ራሱን ጭኔ ላይ ጥሎ ዓይኑን ከድኗል፣ ታጠቅ ደግሞ ተንበርክኮ ክንዱን በሁለት እጁ ይዟል። ሾፌሩ ጉድጓድ ላይ ሲያስዘልለን እኔ ሾፌሩን እሰድባለሁ፤ ስድቤ ተመልሷል። ደሙ ከነጠላው አልፎ በታጠቅ ክርን ይንጠባጠባል። የገዛ ትከሻው ላይ የኛ ልጆች የመቱት ቦታ አብጧል፣ ልብ ያለውም አይመስልም። በኋላ ቀና ሳይል ተናገረ።

"ሩሯን ነው የመታሁት፣ እትዬ።"

አምና በሬ ላይ ቆሞ ያለውን ቃል ነው ያለው፤ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። የዘንድሮውን በዓይኔ ዐይቻለሁ። የአምናውን አላየሁም፣ ሰው እየጋረደኝ ነበር። እውነቱን ነበር ወይስ ውሸቱን፣ ዛሬም አላውቅም። እንዳልጠይቀው ደግሞ የገዛ ልጆቼ አፌን አዘጉኝ።

"አውቃለሁ፣ ልጄ" አልኩት። "ከፍ አድርገህ ያዝልኝ።"